የችሎት ሰው ማኅበር ሲመራ፦ በሐዋሳ የጠበቆች ማኅበር አመራርነት ለምን ከበደ?

የጠበቆች የሙያ ማኅበር ምርጫ ሲቃረብ በሐዋሳም ሆነ በሌሎች የክልል ከተሞች ተደጋግሞ የሚታይ ነገር አለ። ስለ ማኅበሩ ድክመት ሐሳብ የማይሰጥ አባል የለም፤ የእጩዎች ጥቆማ ሲጀመር ግን አዳራሹ ጸጥ ይላል፣ የተጠቆመውም ሰው «እኔ ሥራ ይበዛብኛል፣ እገሌ ይሻላል» ብሎ ወደ ሌላው ያሳልፋል። ይህን ሽሽት እንደ ግዴለሽነት መቁጠር የተለመደ ቢሆንም፣ በእኔ ግምት ምክንያቱ ሌላ ነው። ዛሬ ባለው አሠራር ማኅበሩን የሚመራው ጠበቃ ዛሬ በማኅበሩ ስም አቤቱታ ያቀረበበት ዳኛ ፊት በማግስቱ የደንበኛውን መዝገብ ይዞ ይቆማል፤ አሠራሩ እንዲሻሻል የሚወተውተው ፈቃድ ሰጪ አካልም የእሱን ፈቃድ የሚያድሰው ያው አካል ነው። ስለዚህ ደፋር ሰው ከመፈለግ በፊት፣ ወንበሩ እንዴት ቢደራጅ ነው አንድ ጠንቃቃና ቤተሰብ የሚያስተዳድር ጠበቃ ራሱንም ደንበኞቹንም ሳይጎዳ ሊቀመጥበት የሚችለው የሚለውን መመርመር ይቀድማል።

ነገሩን ለመረዳት የሕጉን አቀማመጥ ማየት ያስፈልጋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 31 ማንኛውም ሰው ለማንኛውም ዓላማ በማኅበር የመደራጀት መብት አለው። በፌዴራል ደረጃ ለሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ ሲሠራበት የቆየው አዋጅ ቁጥር 199/1992 ስለ ፈቃድና ምዝገባ ሲደነግግ የጠበቆችን ማኅበር ግን አላቋቋመም ነበር። በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ይህን ለወጠው፤ የኢትዮጵያ ፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን በሕግ አቋቋመ፣ የፌዴራል ፈቃድ ያለው ጠበቃ ሁሉ አባል እንዲሆን አስገደደ፣ ጠበቆች በጥብቅና ድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ ፈቀደ፣ ተከታታይ የሕግ ሥልጠናንም ግዴታ አደረገ። ክልሎች ደግሞ ለየራሳቸው ፍርድ ቤቶች የጥብቅና ፈቃድን የሚያስተዳድሩት በራሳቸው ሕግ ነው። በሐዋሳ ቢሮ ከፍቶ የሚሠራ ጠበቃ በክልሉ ችሎቶች ለመቆም የክልል ፈቃድ፣ ጉዳዩን ይዞ አዲስ አበባ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ለመድረስ ደግሞ የፌዴራል ፈቃድ ሊይዝ ይችላል፤ ሁለተኛውን ከያዘም በሕግ ግዴታ የፌዴራሉ ማኅበር አባል ነው።

በፈቃደኝነት ላይ የቆመ የአካባቢ ማኅበር የሚመራ ሰው የመጀመሪያ ፈተና ከዚህ ይመጣል። የፌዴራሉ ማኅበር አባላቱን በሕግ ኃይል ሲያገኝ፣ በከተማ ወይም በክልል ደረጃ በውዴታ የተቋቋመ ማኅበር የሚያገኘው በማሳመን ብቻ ነው። መዋጮውን ያልከፈለ ጠበቃ ነገም ችሎት ይቆማል፣ ፈቃዱም አይነካም። ማኅበሩ ሊያስገድደው የሚችለው አባልነቱን በመሰረዝ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ለማያስፈልገው ሰው ቅጣት አይደለም። እድር እንኳ መዋጮ ያልከፈለን ሰው ቀብር ሲደርስበት የሚጠይቅበት መንገድ አለው። አዲሱ ሊቀመንበር እንግዲህ «ምን ታደርጉልናላችሁ?» ለሚል አባል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚያሳየው ሥራ ሊኖረው ይገባል።

ሐዋሳ ላይ ደግሞ ይህን የሚያወሳስብ የቅርብ ጊዜ ታሪክ አለ። ከተማዋ ለረጅም ጊዜ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ዋና ከተማ ነበረች፤ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ሆነ ዋና ዋና ቢሮዎች እዚሁ ስለነበሩ የይግባኝና የሰበር ጉዳይ ያለበት ሰው ከዲላም፣ ከወላይታ ሶዶም፣ ከሆሳዕናም፣ ከአርባ ምንጭም ወደ ሐዋሳ ይመጣ ነበር። በኅዳር 2012 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ መሠረት ሲዳማ በሰኔ 2012 ራሱን የቻለ ክልል ሆነ፤ በ2014 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ፤ በ2015 ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ተቋቁመው የቀድሞው ክልል አከተመ። በአንድ ፈቃድ፣ በአንድ የይግባኝ ሰንሰለትና በአንድ የቢሮ አድራሻ ሲሠራ የኖረ ጠበቃ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደንበኞቹ በአራት ክልሎች ተከፋፍለው አገኛቸው። ዲላ በመኪና ብዙ የማይርቅ ከተማ ነው፤ በፍርድ ቤት ሥልጣን ግን ዛሬ ሌላ ክልል ነው።

የፖለቲካው ውሳኔ ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለው የጠበቆች ማኅበር ጉዳይ አይደለም፤ እዚያ ክርክር ውስጥ የሚገባ አመራር ማኅበሩን ለሁለት ይከፍላል። የማኅበሩ ጉዳይ ውጤቱ ነው፦ በአንዱ ክልል የተሰጠ ፈቃድ በሌላው እንዴት ይታያል፣ በቀድሞው ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተወሰነ ጉዳይ ፋይል ሲፈለግ የት ይጠየቃል፣ አንድ ጠበቃ ለየክልሉ የተለየ ሥልጠናና የተለየ የእድሳት ክፍያ ሊጠየቅ ይገባዋል ወይ የሚሉት ናቸው። እነዚህ ጥያቄዎች አንድ ጠበቃ ለብቻው በየቢሮው ደጅ ቢጠና መልስ አያገኝባቸውም፤ አራት ክልሎች ያሉ ማኅበራት በአንድነት ረቂቅ አዘጋጅተው ቢያቀርቡ ግን ቢያንስ የሚያነጋግር ሰው ያገኛሉ። አንድ የሐዋሳ ማኅበር አመራር በመጀመሪያው ዓመት ሌላ ምንም ሳይሠራ ይህን ቢጀምር አባላቱ መዋጯቸውን ለመክፈል ምክንያት ይኖራቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ዋናው ክብደት ግን ያለው ከችሎት ጋር ባለው ግንኙነት ላይ ነው። በጣም ተራ ከሆነው አቤቱታ እንነሳ። የአንድ ችሎት መዛግብት በሙሉ ጠዋት ለአንድ ተመሳሳይ ሰዓት ይቀጠራሉ፤ ጠበቃው ደንበኛውንና ምስክሮቹን ይዞ ደጅ ላይ ይቀመጣል፤ ረፋዱ ካለፈ በኋላ የችሎቱ ጸሐፊ ብቅ ብላ «ዳኛው ስብሰባ ገብተዋል፣ ተለዋጭ ቀጠሮ ውሰዱ» ትላለች። ከገጠር ወረዳ በሚኒባስ የመጣው ምስክር የትራንስፖርቱን ማን እንደሚከፍለው ጠበቃውን ያያል። ይህ በወር ውስጥ ሲደጋገም አባላቱ ማኅበሩ ደብዳቤ እንዲጽፍ ይጠይቃሉ። ሊቀመንበሩ ብዕሩን ሲያነሣ በዚያው ሳምንት በዚያው ችሎት የሚቀርብ የርስት ክርክር እንዳለው ያስታውሳል። ደብዳቤውን ቢጽፍ ደንበኛው የሚጎዳ ይመስለዋል፤ ባይጽፍ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ለምን እንደሆነ አይገባውም። አብዛኛው ሰው በዚህ ጊዜ ሦስተኛውን መንገድ ይመርጣል፦ የፍርድ ቤቱን ፕሬዚዳንት ቢሮ ድረስ ሄዶ «እባክዎ ይታይልን» ብሎ በቃል መናገር። ይህ ለዕለቱ ይጠቅም ይሆናል፤ ምንም ማስረጃ ስለማይተው ግን ቀጣዩ ሊቀመንበር እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፤ ከዚያም በላይ የማኅበሩን አቤቱታ የአንድ ሰው ውለታ ያደርገዋል፣ ውለታም ይቆጠራል።

መፍትሔው ደብዳቤው የሚወለድበትን መንገድ መለወጥ ነው። አባላት ያጋጠማቸውን በአንድ ወጥ ቅጽ ይሞላሉ፦ የመዝገብ ቁጥር፣ የተቀጠረበት ሰዓት፣ የተጠራበት ሰዓት፣ ለሌላ ቀን የተቀጠረበት ምክንያት። ከሥራ አስፈፃሚው የተለየ አንድ ንዑስ ኮሚቴ ቅጾቹን በየሩብ ዓመቱ ያጠናቅራል፤ የዳኛ ስም የሌለበት፣ ችሎቶችን በጥቅል የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይወጣል፤ ሥራ አስፈፃሚው በቃለ ጉባኤ ተቀብሎት በማኅበሩ ማኅተም ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ይላካል። በዚያ ሩብ ዓመት በተጠቀሰው ችሎት የራሱ መዝገብ ያለው የአመራር አባል በውይይቱ እንዳልተሳተፈ በቃለ ጉባኤው ይሰፍራል። እንዲህ የተጻፈ ደብዳቤ የማንም ግለሰብ ቂም ተደርጎ ሊነበብ አይችልም። ለፍርድ ቤቱም ቢሆን የሚጠቅመው ይኸኛው ነው፤ የፍርድ ቤት አመራር የቀጠሮ መጨናነቅን ለማስረዳትና ተጨማሪ ዳኛ ለመጠየቅ ሲፈልግ በእጁ የሚይዘው የውጭ መረጃ ያገኛል።

ከዚህ የሚከብደው ሁኔታ ጠበቃ በችሎት መድፈር ሲታሰር ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 449 በችሎት ላይ ፍርድ ቤትን የሰደበ፣ ያፌዘበት ወይም ሥራውን ያወከ ሰው እንዲቀጣ ይደነግጋል፤ ድርጊቱ በግልጽ ችሎት ከተፈጸመ ፍርድ ቤቱ ወዲያውኑ ሊቀጣ ይችላል። ተከሳሽ፣ ምስክርና ፈራጅ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስለሚገናኙ ሥልጣኑ ለስሜት ቅርብ ነው። ዜናው ለማኅበሩ ሊቀመንበር የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ነው፤ ደዋዩ ተቆጥቷል፣ የሚናገረውም ግማሹን ብቻ ነው፣ ሌሎች አባላት ደግሞ ማኅበሩ በዚያው ቀን መግለጫ እንዲያወጣ ይወተውታሉ። እዚህ ላይ አመራሩ ሁለት ነገሮችን መለየት ይጠበቅበታል። የባልደረባው አነጋገር ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ትእዛዙ በጽሑፍ መሰጠቱ፣ ጠበቃው እንዲናገር ዕድል ማግኘቱ፣ ይግባኝ የማለት መብቱ መጠበቁ ሌላ ጥያቄ ነው። ማኅበሩ ስለ መጀመሪያው ገና ምንም ሳያውቅ ስለ ሁለተኛው በሙሉ ድምፅ ሊናገር ይችላል።

በተግባር ደግሞ ሊቀመንበሩ ራሱ ጠበቃ ሆኖ እንዳይቆም እመክራለሁ። አስቀድሞ በፈቃዳቸው የተመዘገቡ፣ በየወሩ የሚፈራረቁ ሁለት አባላት ቢኖሩ፣ ዜናው እንደተሰማ አንዱ የታሰረበት ቦታ ሄዶ ጤንነቱንና ቤተሰቡ መስማቱን ያረጋግጣል፣ ሌላው መዝገብ ቤት ሄዶ የትእዛዙን ግልባጭ ይጠይቃል፤ ሊቀመንበሩ በዚያ ጊዜ የፍርድ ቤቱን ፕሬዚዳንት በማኅበሩ ስም ያነጋግራል። ሥራው ተከፋፍሎ ሲታሰብ ቀላል ይመስላል። በጽሑፍ ያልሰፈረ ከሆነ ግን በዚያች ሰዓት ሁሉም ወደ ሊቀመንበሩ ይመለከታል፤ እሱም ወይ ከመጠን በላይ ይናገራል፣ ወይ ስልኩን ያጠፋል። ሁለቱንም በአንድ ሰው ላይ መፍረድ ይከብደኛል።

ከፈቃድ ሰጪው አካል ጋር ያለውን ግንኙነት በአጭሩ ላንሣ። በ1990 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሃቫና የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት የጠበቆች ሚና መሠረታዊ መርሖዎች በ24ኛው ነጥብ ላይ ጠበቆች በራሳቸው የሚተዳደር ማኅበር የመመሥረትና የመቀላቀል መብት እንዳላቸው፣ የማኅበሩ ሥራ አስፈፃሚም በአባላት ተመርጦ ያለ ውጭ ጣልቃ ገብነት እንደሚሠራ ይገልጻሉ። ቀጥሎ ያለው 25ኛው ነጥብ ማኅበራት ከመንግሥት ጋር እንዲተባበሩ ይጠይቃል። ሁለቱ አብረው የተቀመጡት በአጋጣሚ አይመስለኝም። ከፈቃድ ሰጪው ቢሮ ጋር በሥልጠና፣ በነጻ የሕግ ድጋፍና በሕግ ረቂቆች ላይ አብሮ መሥራት ነጻነትን አይነካም፤ የሚነካው የማኅበሩ ጉባኤ በቢሮው በጀትና በቢሮው አዳራሽ፣ የቢሮው ኃላፊ መድረክ ላይ በተቀመጡበት ሲካሄድ ነው። ምሳ የጋበዘ አካል ስለ እሱ የሚነሣውን አጀንዳ አባላቱ በነጻነት እንዲወያዩበት ዕድል እንደማይሰጥ ለመረዳት ብዙ ምርምር አያስፈልግም።

ብዙም የማይወራበት፣ ነገር ግን የአመራሩን ክብር ከሁሉ በላይ የሚፈትን ጉዳይ የደንበኞች ቅሬታ ነው። የማኅበሩ ምልክት ቢሮ በር ላይ ከተሰቀለ ጊዜ ጀምሮ «ጠበቃዬ ገንዘቤን ወስዶ ቀጠሮ አልቀረበም» የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። በፈቃደኝነት የተቋቋመ ማኅበር ፈቃድ የማገድ ሥልጣን የለውም፤ የሥነ ምግባር ክስ የሚታየው ፈቃድ በሚሰጠው ሥርዓት በኩል ነው። ሊቀመንበሩ ሊያደርግ የሚችለው ቅሬታ አቅራቢውን ወደሚመለከተው አካል መምራት፣ የሚያስፈልገውን ማስረጃ ማስረዳት፣ ሁለቱም ወገኖች ከፈቀዱ ደግሞ ስለ ክፍያው ማስማማት ነው። የሚከለከለው ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ ለባልደረባው ደውሎ «ሰውዬውን አባብለህ አስቀርልኝ» ማለት። ይህን አንዴ ያደረገ ሰው ቀጣዩን ለመቃወም አፍ አይኖረውም። በሲዳማ የአፊኒ ሥርዓት ሽማግሌዎች ነገርን ሁሉም በተሰበሰበበት እየሰሙ እንደሚያዩ የሐዋሳ ሰው ያውቃል፤ ለማኅበሩ የማስማማት ሥራም ከዚህ ግልጽነት የሚወሰድ ነገር ያለ ይመስለኛል፣ ምንም እንኳ የደንበኛ ምስጢር ስለሚኖርበት ሁሉም በአደባባይ ይሁን ማለት ባይቻልም።

ገንዘብና ቢሮ ሲነሣ ብዙ ደግነት ወደ ችግር ይቀየራል። የራሱ ቤት የሌለው ማኅበር ብዙ ጊዜ የሊቀመንበሩን ቢሮ ይጠቀማል፤ ሊቀመንበሩም ኪራዩን፣ ወረቀቱን፣ አንዳንዴም የጸሐፊዋን ደመወዝ ከኪሱ ይሸፍናል። መስዋዕትነቱ እውነት ነው። ነገር ግን ማኅበሩን ፍለጋ የመጣ ባለጉዳይ የሊቀመንበሩ ደንበኛ ሆኖ ሲወጣ የሚያዩ ባልደረቦች ይኖራሉ፤ የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ማስታወቂያን በሚገድብበት ሙያ ውስጥ «የማኅበሩ ሊቀመንበር» የሚል መጠሪያ በግል የቢዝነስ ካርድ ላይ መጻፍ በራሱ ማስታወቂያ ነው። ከፍርድ ቤት ግቢ ብዙ በማይርቅ ቦታ አንዲት ጠባብ ክፍል መከራየት፣ ወይም ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ጋር በጽሑፍ ስምምነት ቦታ መጋራት ይሻላል። በፌዴራል ደረጃ የሚሠራው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል፤ ይህ አዋጅ በቀጥታ የማይመለከተው የክልል ማኅበርም ቢሆን ገደቡን በመተዳደሪያ ደንቡ ቢያስገባው ሊቀመንበሩን ከሐሜት የሚጠብቅ መለኪያ ያገኛል። ከባንክ የሚወጣ ገንዘብ በሁለት ፊርማ እንዲሆን፣ ከፈራሚዎቹም አንዱ ሊቀመንበሩ እንዳይሆን ማድረግ ደግሞ ምንም ወጪ የለውም።

የነጻ የሕግ ድጋፍ ነገር ለብቻው ጽሑፍ የሚበቃ ነው። የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 አንድ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ አገልግሎት እንዲሰጥ ይጠይቅ ነበር። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያሉ ወጣት ሴት ሠራተኞች ስለ ሥራ ውላቸው፣ በከተማዋ ዳርቻ ያሉ ገበሬዎች ስለ መሬት ካሣ የሚጠይቁት ሰው ሲያጡ፣ ሰዓቱን ያልሞላ ጠበቃና ጠበቃ ያጣ ባለጉዳይ በአንድ ከተማ ይኖራሉ። ሁለቱን የሚያገናኝ ተራ መዝገብ መያዝ የማኅበሩ ሥራ ነው፤ ለአመራሩም ከማንኛውም መግለጫ የበለጠ ተሰሚነት የሚሰጠው ይህ ይመስለኛል።

ወንበሩ ላይ ማን ይቀመጣል የሚለውም አለ። ስብሰባ ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሆቴል ውስጥ ሲጠራ ልጆች ያሏት ጠበቃ መቅረቷ የታወቀ ነው፤ ቀርታ ስትገኝ ደግሞ «ሴቶች አይሳተፉም» ይባላል። ሴት ጠበቆች በብዛት ጸሐፊ ወይም ሒሳብ ያዥ ሆነው የሚመረጡት፣ ሥራውን እነሱ እየሠሩ ስሙን ሌላው የሚይዘው፣ ከዚህ የተነሣ ጭምር ነው። የቋንቋውም ነገር ቀላል አይደለም። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲዳሙ አፎ ነው፤ በከተማዋ ለዓመታት በአማርኛ ሲሟገቱ የኖሩ ጠበቆችም አሉ። ቃለ ጉባኤውና የሥልጠና ጽሑፉ በሁለቱም ቋንቋዎች ካልተዘጋጀ፣ ማኅበሩ ሳያውቀው የአንዱ ወገን ብቻ ይሆናል፤ ትርጉሙም የአመራሩን ጊዜ ሳይሆን የማኅበሩን በጀት ሊወስድ ይገባል።

እንግዲህ እጩ ሆኖ የተጠቆመ ጠበቃ «እሺ» ከማለቱ በፊት የሚጠይቃቸው ሰነዶች አሉ። የመጨረሻው ዓመት የኦዲት ሪፖርት፣ በዚህ ዓመት መዋጮ የከፈሉ አባላት ስም ዝርዝር፣ የባንክ ሒሳቡ ፈራሚዎች፣ ያልተቋጩ ደብዳቤዎችና ያልተመለሱ የአባላት ጥያቄዎች። በብዙ ማኅበራት ርክክብ ማለት ማኅተሙ፣ ግማሹ የተቀደደ የደረሰኝ ጥራዝና አንድ የቃለ ጉባኤ ደብተር በፌስታል ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ማለፍ ነው፤ የቀድሞው ሊቀመንበር በኢሜይሉና በስልኩ ውስጥ የያዘው ሁሉ አብሮት ይሄዳል። ጠቅላላ ጉባኤው የአገልግሎት ዘመኑን በሁለት የምርጫ ጊዜ ቢወስን፣ ተሰናባቹ ሊቀመንበር ለስድስት ወር ያለ ድምፅ በአማካሪነት እንዲቆይ ቢያደርግ፣ የርክክብ ሰነዱ በኦዲተሩ ፊት ተፈርሞ ግልባጩ ለአባላት ክፍት እንዲሆን ቢያዝ፣ በሚቀጥለው ምርጫ ጥቆማ ሲጀመር እጁን የሚያወጣ ሰው ምን እንደሚረከብ አውቆ ያወጣል።